ቁልፉ ይበራል፤ መስታወቱ ግን ያው ነው

ልጆቼ፣

ሰሞኑን ጋራዥ ውስጥ አንድ ልጅ የኋላ መስታወት ማሞቂያው እምቢ ካለ መኪና ጋር ሲታገል አየሁት። ፊውዙን ቀይሯል። ሪሌውን፣ ማለትም በቁልፉ ትእዛዝ ኤሌክትሪኩን የሚያገናኘውን ማብሪያ፣ ቀይሯል። አሁን ደግሞ ቁልፉን ሊቀይር ዳሽቦርዱን ፈቶ ወገቡ ድረስ ገብቷል። የኤሌክትሪክ መለኪያው፣ መልቲሜትሩ፣ ከነሽፋኑ ሳጥን ውስጥ ተኝቷል። አልሳቅሁበትም። እኔ ይህንኑ ስህተት የሠራሁት በእሱ ዕድሜ አይደለም፤ ሽበት ካወጣሁ በኋላ ነው።

ነገሩ በ2003 ዓ.ም. ክረምት ነው። አንዲት ነርስ ቪትዝ ይዛ መጣች። ማታ ተረኛ ናት፤ ንጋት ላይ በዝናብ ወደ ቤቷ ትነዳለች። «ጋሼ፣ ከኋላዬ ምንም አይታየኝም፤ ትናንት ወደ ኋላ ስወጣ የሰው አጥር ልገጭ ነበር» አለችኝ። ቁልፉን ተጫንኩት። ትንሿ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች። «አገኘሁት ሲስተር፣ ቁልፉ ነው» አልኳት በሙሉ ልብ። ሶማሌ ተራ ሄጄ ያገለገለ ቁልፍ ገዛሁ። እግረ መንገዴን ሪሌም ጨመርኩ። ገጠምኩ፤ መብራቷ ቀጥ ብላ በራች። ሒሳብ ተቀብዬ ሸኘኋት።

በሦስተኛው ቀን ተመለሰች። አልተቆጣችም። «ጋሼ፣ መብራቱ ይበራል፤ መስታወቱ ግን ያው ነው» አለች። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው መልቲሜትር ያነሣሁት። መስታወቱ ጠርዝ ላይ ሽቦው የሚገባበትን ትንሽ ብረት ለካሁ። ባዶ! ያቺ የቁልፉ መብራት ማለት ትእዛዝ ወጥቷል ማለት ናት። ትእዛዙ መድረሱን አታውቅም። ብዙ መኪና ላይ ከመስታወቱ የሚመጣላት ወሬ የለም። እኔ ደግሞ ወሬ ነጋሪ አድርጌ ሾሜያት ነበር።

ሽቦው የት እንደተቆረጠ ያገኘው ግን እኔ አይደለሁም፤ ያኔ ረዳቴ የነበረው ልጅ ነው። የኋላውን በር ከፍ ዝቅ ሲያደርግ «ጋሼ፣ የታርጋዋ መብራት ትጠፋለች፣ ትበራለች» አለኝ። የታርጋው መብራት ሽቦና የማሞቂያው ሽቦ ከጣሪያው ወደ በሩ የሚሻገሩት በአንድ የጎማ ቱቦ ውስጥ ነው። በሩ በተከፈተ ቁጥር እዚያ ውስጥ ያሉት ሽቦዎች ይታጠፋሉ። ጎማውን ገፈን አየን። የማሞቂያው ወፍራም ሽቦ ልባሱ ደህና ይመስላል። በሁለት ጣት ስስበው እንደ ማስቲካ ተለጠጠ። ውስጡ መዳቡ ተበጥሶ አረንጓዴ ሆኗል። የቁልፉንና የሪሌውን ገንዘብ መለስኩላት። የድካሜንም አልተቀበልኩም፤ በምን ዓይኔ!

እንግዲህ የኋላ በሩ ወደ ላይ የሚከፈት መኪና ሲመጣላችሁ ያን ጎማ ሳታዩ ዳሽቦርድ አትፍቱ። ሽቦውን ስትቀጥሉም ጠምዝዛችሁ በፕላስተር አትጠቅልሉት። በሩ ሲታጠፍ ሲዘረጋ ውሎ አድሮ ይላቀቃል። እኩል ውፍረት ያለው፣ እንደ ልብ የሚታጠፍ ሽቦ ፈልጉ። መገጣጠሚያውን ከሚታጠፈው ቦታ አርቁትና ሶልደር አድርጉት።

መስታወቱ ላይ የምታዩአቸው ቀጫጭን ቡናማ መስመሮች ሽቦ አይደሉም። የብር ዱቄትና የመስታወት ዱቄት ተደባልቆ፣ በውስጥ በኩል መስታወቱ ላይ ታትሞ፣ በእሳት የተጋገረ ነው። በግራና በቀኝ ሁለት ሰፋፊ ቋሚ መስመሮች አሉ። አንዱ ፖዘቲቭ፣ አንዱ ኔጌቲቭ። ቀጫጭኖቹ እንደ መሰላል በሁለቱ መሀል ተዘርግተዋል። ኤሌክትሪክ የሚበሉት በደንብ ነው። 12 ቮልት ላይ 15 አምፔር ቢስብ 180 ዋት ማለት ነው። ድሮ ቤታችን የምንሰቅላት የ60 ሻማ አምፖል፣ ሦስቷ ባንዴ ስትበራ አስቡት። ብዙ መኪና ሞተር ካልተነሣ አላበራም የሚለው፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ በኋላም በራሱ የሚያጠፋው ለዚህ ነው። ደንበኛ «ይበራና ይጠፋል» ብሎ ሲመጣ መጀመሪያ በስንት ደቂቃ እንደሚጠፋ ጠይቁት። ጤነኛ መኪና የሚፈታ ሰው አይቻለሁ።

ፊውዙ ከተቃጠለ ያው ቁጥር ተኩበት። 20 ከሆነ 20። በመዳብ ክር ማሰር ወይም 30 መክተት የሚሉትን ነገር እኔ ጋ የሠራ ልጅ አያደርገውም። ፊውዝ ያለ ምክንያት አይሞትም።

ሁሉም መስመር አንድ ላይ ከሞተ መስታወቱን ተዉትና ሽቦውን ተከተሉ። አንድ ሁለት መስመር ብቻ ከሞተ ደግሞ ሽቦውን ተዉትና መስታወቱን ተመልከቱ። መስታወቱ ጉም እስኪይዝ ሞተር አስነሥታችሁ መኪናው ውስጥ ሁለት ሦስት ሆናችሁ ቁጭ በሉ፤ ሐምሌ ላይ ይህ ችግር አይደለም። ከዚያ ማሞቂያውን አብሩት። ጤነኛው መስመር ዙሪያውን ያጠራል። የሞተው ጉሙን እንደ ጋቢ ለብሶ ይቀመጣል። ያን መስመር በእስክሪብቶ ከውጭ በኩል ምልክት አድርጉበት።

አሁን ልኬት። የመልቲሜትሩን ጥቁር ጫፍ ከቦዲው ንጹሕ ብረት ጋር እሰሩ። የቀዩን ጫፍ በፎይል ጠቅልሉት፤ ሹል ብረት መስመሩን ይልጠዋል፣ ልትጠግኑ ገብታችሁ ታበላሻላችሁ። ከፖዘቲቩ ወገን ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ ሂዱ። ጤነኛ መስመር 12፣ 10፣ 8 ቮልት እያለ ይወርዳል፤ መሀል ላይ 6 አካባቢ ነው፤ ኔጌቲቩ ጋ ባዶ ይሆናል። የተቆረጠው ግን 12፣ 12፣ 12 ይልና ድንገት ዜሮ ይወድቃል። የወደቀባት ቦታ ናት ቁስሉ። አንዳንዴ በዓይን አትታይም፤ በባትሪ መብራት ከውጭ አብርታችሁ ስታዩ ነው የፀጉር ያህል ክፍተት የምትታየው።

ከጥቁር ስቲከር ጋር የመጣ ጉዳት ግን ክፍተት አይባልም፤ እልቂት ነው። ሰውየው ስቲከሩን እንዲያነሣ ይታዘዛል። ምላጭ ይገዛል። ቅዳሜ ጠዋት ደጁ ላይ ፍቆ ሲጨርስ ስምንት መስመር አብሮ ወርዷል። በእንፋሎት አሙቆ ቀስ ብሎ መላጥ ነበር የሚሻለው። አንዱ ደንበኛዬ ደግሞ ለፋሲካ በግ ጭኖ በቀንዱ አስተልትሎ አመጣልኝ። አምስት መስመር። በጉ የሚያስወጣውን ዋጋ አላወቀም።

ቁስሉ ትንሽ ከሆነ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ፣ የብር ዱቄት ያለበት የሚቀባ ቀለም አለ። አካባቢውን በአልኮል አጽዱ። ከመስመሩ በላይና በታች የወረቀት ፕላስተር ለጥፉና የመስመሩ ውፍረት ብቻ ይቅር። ቀለሙ ጤነኛውን ጫፍ ከሁለቱም ወገን ትንሽ ይደርብ። ፕላስተሩን አንሡና እስከ ማግስቱ አትንኩት። ባለመኪናው «ብቻ አብራውና ልየው» ይላችኋል። አትስሙት።

ሽቦው የሚሰካበት ብረት ከመስታወቱ ከተላቀቀ በሱፐር ግሉ አትለጥፉት። ይይዛል፤ ኤሌክትሪክ ግን አያሳልፍም። ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ ማጣበቂያ ፈልጉ። ሶልደር ካደረጋችሁም ፈጠን በሉ፤ አንድ ቦታ ላይ ሙቀት ካበዛችሁ መስታወቱ ጧ ይላል። እኔ አንድ ሰብሬያለሁ። ከኪሴ ነው የከፈልኩት።

ያ የታርጋዋን መብራት ያየው ረዳቴ አሁን የራሱ ጋራዥ አለው። ባለፈው ክረምት ማታ ደወለልኝ።

«ጋሼ፣ መስታወቱ ላይ የትም ብለካ 12 ነው የሚያሳየኝ። ከግራ እስከ ቀኝ። አንዱም አይሞቅም።»

«ዘጠኙም መስመር ባንዴ አይቆረጥም» አልኩት። «መውጫውን አይተኸዋል?»

ዝም አለ። «መልሼ ልደውል» ብሎ ዘጋው።

አልደወለም። ከሩብ ሰዓት በኋላ ፎቶ ላከልኝ። በግሪስ የጠቆረ መዳፉ ላይ የኔጌቲቩ ብሎን ተቀምጧል፤ ዝገት በልቶት ጥርሱ አልቋል።