የድሮ መርሴዲስ መስታወት እያቃሰተ ሲወጣ፦ ሞተር ከመግዛትህ በፊት

ሰላም ወንድሜ። የ1983 መርሴዲስ 230ኢ እንዳለህ፣ የሾፌሩ በር መስታወት ሲወጣ እያቃሰተ ግማሽ ላይ እንደሚቆምብህ፣ ኤሌክትሪሺያኑም «የመስታወቱ ሞተር ደክሟል፣ ይቀየር» እንዳለህ ጽፈሃል። ሞተር አትግዛ። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1976 እስከ 1985 የተመረተችውን ይህችኑ ሞዴሏ 123 የሚባለውን መርሴዲስ ለዓመታት ስለያዝኳት በሯን ዐይኔን ጨፍኜ እፈታዋለሁ፤ የአንተም ነገር ከእኔ የተለየ አይመስለኝም።

አንደኛ፣ መኪናውን አስነሥተህ መስታወቱን ሞክር። ባትሪው ብቻውን ሲሆን 12.6 ቮልት አካባቢ ነው፤ ዲናሞው ሲሠራ ወደ 14 ይጠጋል። መስታወቱ ያን ጊዜ በግልጽ ከፈጠነ ሞተሩ በሕይወት አለ፤ የጎደለበት ቀለቡ ነው። አራቱም መስታወቶች የሚዘገዩ ከሆነ በሩን ተወውና የፊውዝ ሳጥኑን ክፈት። በዚህች መኪና ያለው ሁለት ጫፉ ሾጠጥ ያለው የጥንቱ ዓይነት ፊውዝ ነው። ሳይቃጠል ጫፉ ብቻ ዝጎ ኤሌክትሪኩን ያንቀዋል። ቀዩን ባለ 16 አምፔር እዚያው በቦታው በጣትህ ደጋግመህ አዙረው፤ ዝገቱ ሲፋቅ ለውጡን ወዲያው ታያለህ። ስትቀይረውም ባለ መዳብ ቅጠሉን ምረጥ፤ አሉሚኒየሙ ቶሎ ይበላሻል።

ሁለተኛ፣ ቮልቱን ለካ፤ ግን መስታወቱ እየተንቀሳቀሰ። እኔን ያቃጠሉኝ እዚህ ላይ ነው። በሰው ጥቆማ የሄድኩበት ጋራዥ፣ ስሙን አልጠራም፣ ዋናው ባለሙያ የበሩን ሶኬት ነቅሎ የሙከራ አምፖል አስነካበት። አምፖሉ ቦግ አለ። «አየህ? ኤሌክትሪኩ እስከ ሞተሩ ይደርሳል፤ የሞተው ሞተሩ ነው» አለኝ። እንዴት እንዳወቀ ስጠይቀው «መካኒኩ አንተ ነህ ወይስ እኔ?» ብሎ በሰው ፊት አሸማቀቀኝ። ትንሽ አምፖል የሚጠጣው ኤሌክትሪክ ጥቂት ስለሆነ በዛገና በተቃጠለ መገናኛ በኩል የምታልፈው ፍርፋሪ ትበቃዋለች። የመስታወት ሞተር ግን ብዙ አምፔር ይፈልጋል፤ መገናኛው ያን ሁሉ ማሳለፍ ሲያቅተው ቮልቱ መንገድ ላይ ይቀራል። ስለዚህ አምፖል መብራቱ ስለ ሞተሩ ምንም አይናገርም። ይህን የማያውቅ ሰው ነው የሌላውን ሰው ገንዘብ የሚያዝዘው።

ያገለገለ የመኪና ዕቃ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄጄ ከተፈታ መኪና የወጣ ሞተር፣ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ከሚል ማስጠንቀቂያ ጋር፣ የአንድ ወር የቤት ኪራይ በሚያህል ዋጋ ገዛሁ። ተገጠመ። መስታወቱ በቀድሞው ፍጥነት እያቃሰተ ወጣ። ሰውየው ግን ምን ያፍራል! «ይህኛውም ደካማ ነው፤ ሌላ አምጣ» አለኝ። የራሴን ሞተር እንዲመልስልኝ ስጠይቀው ደግሞ «ቆሻሻ ነው ብዬ ጣልኩት» ሲል መለሰልኝ። የት እንደጣለው እሱም እኔም እናውቃለን።

ከሞተሩም የባሰው በሩ ላይ የሠሩት ሥራ ነው። ብሎኖቹን ፈትቶ የበሩን የውስጥ ልብስ ቀስ ብሎ ማላቀቅ ሲገባ በካቻቪቴ ፈልቅቀው ክሊፖቹን ሰባበሩ። ከጀርባው የተለጠፈውን ላስቲክም ቀድደው ሳይመልሱት ገጠሙት። ያ ላስቲክ ጌጥ አይደለም፤ በመስታወቱ ጎን ወደ በሩ የሚወርደው ዝናብ ወደ ሰው ሳይመጣ በታችኞቹ ቀዳዳዎች እንዲወጣ የሚያደርገው እሱ ነው። ክረምት ሲገባ ውኃው ዘልቆ የበሩን ካርቶን አሳበጠው፣ ቆዳውም ተላጠ። ለታፒሴሪ የከፈልኩት ከሞተሩ ዋጋ አይተናነስም። በርህን ማንም ይፍታው ማን፣ ላስቲኩ ተመልሶ ሲለጠፍ ቆመህ እይ።

ከዚያ በኋላ ሥራውን ራሴ ያዝኩት። የሞተሩን ሶኬት ሳልነቅል የመልቲሜትሩን ሁለት ጫፎች ከጀርባው አስነካሁና ልጄ ስዊቹን እንዲጫን አደረግሁ። መስታወቱ እየወጣ 9.4 ቮልት አነበብኩ፤ በዚያው ጊዜ ባትሪው ላይ ከ12 በላይ ነበር። ወደ ሦስት ቮልት የሚጠጋ መንገድ ላይ ተበልቷል ማለት ነው። ሌባው መሐል ኮንሶሉ ላይ ያለው ስዊች ሆኖ ተገኘ። በዚህች መኪና የሞተሩ ኤሌክትሪክ በሙሉ በስዊቹ ውስጥ ያልፋል፤ ለእያንዳንዱ መስታወት ሸክሙን የሚቀበል ሪሌ፣ ማለትም በትንሽ ኤሌክትሪክ ታዝዞ ትልቁን የሚያሳልፍ ማብሪያ፣ የለም። የሾፌሩ መስታወት ደግሞ ለመኪና ማቆሚያ ሒሳብም፣ ለትራፊክ ፖሊስም ሲከፈት ሲዘጋ ስለሚውል ቀድሞ የሚያልቀው የእሱ ስዊች ነው። ሳትከፍተው ለማረጋገጥ የሁለቱን የፊት ስዊቾች አቀያይር፤ ድካሙ አብሮ ከተሻገረ ጥፋተኛው ተገኘ። ስትከፍተው ከሥሩ ነጭ ጨርቅ አንጥፍ፤ ውስጡ ያሉት ጥቃቅን ዕቃዎች ተስፈንጥረው ከጠፉ ፈልጎ ማግኘት ዘበት ነው። የመዳብ ነጥቦቹ በጥላሸት ጠቁረው ነበር። በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ጠረግ ጠረግ አድርጌ፣ በኤሌክትሪክ መገናኛ ማጽጃ ስፕሬይ አጥቤ መለስኳቸው። መስታወቱ ሽቅብ ሲወጣ ልጄ ሳቀ። ያ «ደካማ» የተባለው የሶማሌ ተራ ሞተር እስከ ዛሬ እየሠራ ነው።

ስዊቹ ደህና ሆኖ ከተገኘ በበሩና በቋሚው መሐል ባለው ጎማ ውስጥ የሚያልፉትን ሽቦዎች ተመልከት። በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ስለሚታጠፉ ከላስቲካቸው ሥር ክራቸው እየተበጠሰ ያልቃል፤ ከውጭ ሲታዩ ግን ሙሉ ናቸው። በውጭ አገር ያሉ የዚህች መኪና ወዳጆች ለየመስታወቱ ሪሌ ይጨምራሉ። አልነቅፋቸውም፤ ነገር ግን የዛገውን ሳያጸዱ ሪሌ መደርደር ድካም ነው።

ስለ መስታወቱ ጎማ ደግሞ ብዙ ሰው ይሳሳታል። መስታወቱ የሚሄድበት ጎማ ሲደርቅ መስታወቱን ጨምድዶ ይይዘዋል፤ በእጅህ ስታግዘው የሚፈጥን ከሆነ ምክንያቱ ይህ ነው። ግሪስ ወይም የሞተር ዘይት እንዳትቀባው፤ የአዲስ አበባን አቧራ ሰብስቦ ይጋግርብሃል። ጎማውን በእርጥብ ጨርቅ አጽድተህ የሲሊኮን ስፕሬይ ንፋበት። ግሪሱ የሚገባው በሩ ውስጥ ላለው ማንሻ ጥርስና ክንድ ብቻ ነው። የፋብሪካው ግሪስ በዚህ ዕድሜ እንደ ደረቀ ሙጫ ጠንክሮ ታገኘዋለህ፤ በላምባ አጥበህ አዲስ ቀባ። ማንሻውን ከመንካትህ በፊት የባትሪውን ኔጋቲቭ ንቀል፣ መስታወቱንም በእንጨት ደግፈህ እሰረው። ሞተሩን ከማንሻው መለየት ካስፈለገ ደግሞ መጀመሪያ ክንዱን አስረህ አጥብቅ፤ ሞላው ተወጥሮ ከቆየ ክንዱ በድንገት ተፈናጥሮ ጣት ይሰብራል።

አሁን አንተ የምትሠራው፦ መስታወቱ እየወጣ በሞተሩ ሶኬት ላይ ስንት ቮልት እንዳነበብክ፣ በዚያው ጊዜ ባትሪው ላይ ስንት እንደነበረ ሁለቱን ቁጥሮች እዚሁ ጻፍልኝ። ልዩነቱ ከአንድ ቮልት በታች ሆኖ፣ ጎማውና ግሪሱም ጸድቶ አሁንም የሚያቃስት ከሆነ፣ ያን ጊዜ ሞተሩን ከፍተን ካርቦኑን፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን ወደሚሽከረከረው ክፍል የሚያሳልፈውን፣ እናያለን። ሶማሌ ተራ መሄድ ከዚያ በኋላ ነው፤ ስትሄድም የግራ በር መሆኑን ተናግረህ፣ አሮጌውን በእጅህ ይዘህ ሂድ።