መድኃኒቱን ሁሉ በፌስታል ይዘው ይምጡ

ፋርማሲ የምትማሩ ልጆች አንድ ጥያቄ ደጋግማችሁ ትጠይቁኛላችሁ። «ቪኤ ውስጥ ምንድን ነው የሚሠሩት? መድኃኒት ማደል ነው?» ትሉኛላችሁ። እስከ ዛሬ በአጭሩ ነበር የምመልስላችሁ። ዛሬ ግን ረዘም አድርጌ ልጻፍ፤ በአጭሩ ሲነገር ሥራው የላብራቶሪ ቁጥር አይቶ ዶዝ ማስተካከል ይመስላል። እሱማ ቀላሉ ነው፣ ትምህርት ቤት ያስተምሯችኋል።

ቪኤ የአሜሪካ መንግሥት የቀድሞ ወታደሮቹን የሚያክምበት ተቋም ነው። እኔ የምሠራው ፕራይመሪ ኬር ነው፣ ማለትም ሰው ለማንኛውም ሕመም መጀመሪያ የሚመጣበት ክሊኒክ። እዚያ ከ2010 ጀምሮ (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ሥራው በቡድን ነው። ሐኪም፣ ነርስ፣ ረዳት ነርስና ቀጠሮ የሚይዝ ሠራተኛ አንድ ላይ ሆነው 1,200 ገደማ ሰው ይይዛሉ። እኛ ፋርማሲስቶች ደግሞ ከአንድ በላይ ቡድን እናግዛለን። ከፊቴ የመስታወት መስኮት የለም። ትንሽ ክፍል አለኝ፣ ሁለት ወንበር፣ ኮምፒውተር፣ የደም ግፊት መለኪያ። ሐኪሙ «የእኚህ ሰው ስኳር አልወርድ አለ፣ እስቲ እዩልኝ» ብሎ ይልክልኛል። ከዚያ በኋላ መድኃኒት መጀመር፣ መቀየር፣ ማቆም፣ ደም ማስመርመር በተፈቀደልኝ ወሰን ውስጥ የእኔ ነው። ራሴ እፈርማለሁ። ቪኤ ይህን ሥልጣን ለፋርማሲስት መስጠቱ አዲስ ነገር አይደለም፣ የ1995 መመሪያ አለው።

ይህን ስትሰሙ ደስ እንደሚላችሁ አውቃለሁ። እኔንም ደስ ብሎኝ ነበር። ግን ፊርማው የእናንተ ሲሆን ስህተቱም የእናንተ ነው።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት የ68 ዓመት ሰው ተላኩልኝ። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ይነዳሉ። ግፊታቸው 162/94። ሊሲኖፕሪል፣ አምሎዲፒንና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ታዘውላቸዋል፤ ሦስቱም በበቂ ዶዝ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ሦስቱም በጊዜው ሪፊል ተደርገዋል፣ ማለትም ሲያልቁ በድጋሚ ተሰጥተዋል። «መድኃኒትዎን በትክክል ይወስዳሉ?» አልኳቸው። ቀጥ ብለው እንደተቀመጡ «አዎ» አሉኝ። እኔም አመንኩ። በመመሪያው መሠረት አራተኛ መድኃኒት፣ ስፓይሮኖላክቶን 25 ሚሊግራም፣ ጨመርኩ። ፖታሲየም እንዲለካም አዘዝኩ። ሁሉም ነገር በወግ በወጉ ነበር።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ባለቤታቸው ደወሉ። መታጠቢያ ቤት ወድቀው የእጃቸው አንጓ ተሰብሯል። ሲቆሙ የተለካው ግፊታቸው 98/56 ነው። ኋላ ቁጭ ብለን ስናጣራ ለካ ሃይድሮክሎሮታያዛይዱን በሥራ ቀን ወስደውት አያውቁም፤ ሽንት ያሸናል፣ አውቶቡስ ሙሉ ሕፃናት ይዞ ደግሞ መንገድ ላይ መቆም የለም። አምሎዲፒኑን እግሬን አሳበጠው ብለው ከተዉት ቆይተዋል። አራተኛው መድኃኒት ሲመጣ ባለቤታቸው ደነገጡ፣ የሳምንት የክኒን ሳጥን ገዙ፣ በየጠዋቱ አጠገባቸው ቆመው ማስዋጥ ጀመሩ። ሰውየው አራቱን አንድ ላይ የዋጡት በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር።

ማንም አልወቀሰኝም። እሳቸው እንዲያውም «አልነገርኩህም፣ ጥፋቱ የኔ ነው» ብለው ይቅርታ ጠየቁኝ። የተሰበረ እጃቸውን በጨርቅ አንጠልጥለው ይቅርታ የጠየቁት እሳቸው መሆናቸው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ የምላችሁ አንድ ነገር ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው መድኃኒትና ሰውየው የሚውጠው መድኃኒት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የእናንተ ሥራ ሁለተኛውን ማወቅ ነው። ሪፊል ማስረጃ አይሆናችሁም፤ የቪኤ መድኃኒት አብዛኛው በፖስታ እስከ ሰውየው ቤት ድረስ ይላካል፣ ሳይከፈት መደርደሪያ ውስጥ ሊደረደር ይችላል። ጠይቃችሁ ነው የምታውቁት። ወታደር ደግሞ ሲጠየቅ «ደህና ነኝ» ማለት ነው የለመደው። በወጣትነቱ ሲያመው ችሎ እንዲሄድ ተምሯል። ውሸት አትበሉት። ለሱ ጨዋነት ነው።

«በትክክል ይወስዳሉ?» የሚለውን ጥያቄ እርግፍ አድርጌ ትቻለሁ። አሁን «ባለፈው ሳምንት ስንት ቀን አመለጠዎት?» እላለሁ፤ ማምለጡ ያለ ነገር መሆኑን ጥያቄው ራሱ ስለሚነግራቸው አይሳቀቁም። ሁለተኛው ጥያቄዬ «ከእነዚህ ውስጥ የማይወዱት የቱን ነው?» የሚል ነው። ከዚያ ዝም እላለሁ። ዝምታው ይከብዳል፣ በተለይ በሩ ላይ ቀጣዩ ሰው እየጠበቀ ከሆነ። ቢሆንም ዝም በሉ። እኛ ደግሞ ትልቅ ሰው ፊት ስለ ሽንት፣ ስለ መኝታ ቤት ጉዳይ ማንሳት ነውር ነው ተብለን ነው ያደግነው። እኔ አሁንም በልቤ «ጋሼ» እያልኩ ነው የማናግራቸው፣ ይህ አክብሮት አይጥፋባችሁ። ግን ጠይቁ። ማፈራችሁን ካዩ እነሱም ያፍራሉ።

ሦስተኛው ነገር ፌስታሉ ነው። ቀጠሮ ሲያዝ «ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ፣ ያለ ማዘዣ የገዙትንም፣ በፌስታል ይዘው ይምጡ» ይባልልኝ ብዬ አስለምጃለሁ። አንድ ቀን ቬትናም የዘመቱ የ74 ዓመት መካኒክ ፌስታላቸውን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፉት። የልብ ምት የሚያዘገየው የሜቶፕሮሎል ሁለት ብልቃጥ ወጣ። አንዱ ውስጥ ነጭ ክብ ክኒን አለ፣ ሌላው ውስጥ ሮዝ ሞላላ። አምራቹ ተቀይሮ መልኩ ተለውጧል እንጂ መድኃኒቱ አንድ ነው። እሳቸው ግን ሮዙን አዲስ የታዘዘላቸው መስሏቸው ሁለቱንም ይወስዳሉ። የልብ ምታቸውን ስለካ 46።

ሥር ላይ ትልቅ የአይቡፕሮፌን ብልቃጥ ነበር። ለጉልበታቸው ነው፤ ሲብስ 800 ሚሊግራም በቀን ሦስት ጊዜ። የአሜሪካ ወታደሮች ይህን መድኃኒት የሬንጀር ከረሜላ ይሉታል፤ ለሁሉም ሕመም ስለሚታደል። እንደ ከረሜላ የለመደውን ሰው ደግሞ «ሌላ መድኃኒት ይወስዳሉ?» ብትሉት አይነግራችሁም፣ መድኃኒት ነው ብሎ አይቆጥረውም። ሊሲኖፕሪልና የሽንት መድኃኒት ከሚወስድ ሰው ጋር ሲገናኝ ኩላሊት ይጎዳል፣ ግፊትንም ከፍ ያደርጋል። ከሱ ቀጥሎ ያለ ማዘዣ የተገዛ ሰማያዊ የእንቅልፍ ክኒን ወጣ፣ ዳይፈንሃይድራሚን ያለበት። ሰውየው ፕሮስቴት አለባቸው። ሽንታቸው እምቢ እያለ ሌሊት አምስቴ ይነሱ የነበረው ለዚህ ሊሆን ይችላል ብሎ ያሰበ አልነበረም፣ እኔንም ጨምሮ። ያን ቀን አንድም የሚዋጥ መድኃኒት አልጨመርኩም። ሦስት ብልቃጥ አስቀረሁ። ለጉልበታቸው የሚቀባ ነገር አዘዝኩ።

ግን እዚያ ላይ ብቆም ኖሮ ግማሹን ብቻ ነበር የሠራሁት። «እንቅልፍ እምቢ የሚልዎት ለምንድን ነው?» አልኳቸው። ባዶውን ፌስታል በአራት አጠፉት፣ እንደገና በስምንት አጠፉት። «ባለቤቴ ሌላ ክፍል ነው የምትተኛው» አሉኝ። ቅዠቱ ከቬትናም ከተመለሱ ጀምሮ አለቀቃቸውም፤ ሌሊት በእንቅልፍ ልባቸው እጃቸውን ይሰነዝራሉ፣ ባለቤታቸውን እንዳይመቱ ፈርተው ነው መኝታ የለዩት። ለማንም ተናግረው አያውቁም።

ለቅዠት ፕራዞሲን የሚባል የቆየ የግፊት መድኃኒት አለ፤ ማታ ከ1 ሚሊግራም ይጀመራል፣ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሲነሱ ያዞራል። ለብዙ ዓመት ስናዝዘው ቆይተን በ2018 በ304 የቀድሞ ወታደሮች ላይ የተሠራ ጥናት ከባዶ ክኒን አልተሻለም አለ። ሌሎች ትናንሽ ጥናቶች ረድቷል ብለው ነበር፣ ሲረዳቸው ያየኋቸው ሰዎችም አሉ። ጥናቱን አንብቡ፣ ሰውየውንም እዩ፣ ለሰውየው ደግሞ ሁለቱንም ንገሩት። ለኚህ ሰው፣ ግፊታቸው ከተስተካከለ በኋላ፣ ከሐኪማቸው ጋር ተነጋግረን ሞከርነው። ከሁሉ በፊት ግን ወደ አእምሮ ጤና ክፍል ወሰድኳቸው፣ በእግሬ አብሬያቸው ሄጄ። ለፒቲኤስዲ፣ ማለትም እንደ ጦርነት ያለ አስደንጋጭ ነገር ለሚተወው የአእምሮ ሕመም፣ መጀመሪያ የሚመከረው የንግግር ሕክምናው ነው። ለዚሁ በሽታ ቫሊየምና መሰል ማረጋጊያዎችን አትስጡ ነው የሚለው የቪኤ መመሪያ፤ ከሌላ ቦታ ይዘውት ሲመጡ ግን በአንዴ አትንጠቁ፣ ቀስ ተብሎ ነው የሚወርደው።

ጦርነቱን ራሱን አንብቡ። ኤጀንት ኦሬንጅ፣ የአሜሪካ ጦር ቬትናም ላይ የረጨው ቅጠል አርጋፊ ኬሚካል፣ ምን እንደሆነ ሳታውቁ የቬትናም ሰው ስኳር አታክሙ። ለዚያ ኬሚካል ለተጋለጡት ሁለተኛው ዓይነት ስኳር ከ2001 ጀምሮ ከአገልግሎታቸው ጋር የተያያዘ ሕመም ተብሎ ይቆጠራል፤ ደም ግፊት የተጨመረው በ2022 በወጣው ሕግ ነው። ይህን የማያውቅ ስንት ሰው አለ! እናንተ የካሳ ማመልከቻ አትሞሉለትም፣ ነገር ግን ወደሚረዳው ክፍል መምራት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ወሬም አትናቁ። አንድ ኮሪያ የዘመቱ የ90 ዓመት ሽማግሌ ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ኢትዮጵያ ስላቸው ዓይናቸው በራ፣ «ቃኘው!» አሉ። የኛ የቃኘው ሻለቃ በ1951 ኮሪያ ገብቶ ከአሜሪካ 7ኛ ዲቪዥን ጋር ነው የተዋጋው፤ እሳቸውም እዚያው ዲቪዥን ነበሩ። ሩብ ሰዓት ሙሉ ስለ ብርዱ አወሩኝ። ኢንሱሊናቸውን ቀን እየዘለሉ እንደሚወጉ የነገሩኝ ከዚያ በኋላ ነው፤ ሌሊት ስኳራቸው ወርዶ ብቻቸውን እንዳይሞቱ ፈርተው። ፍርሃታቸው ልክ ነበር። ለዚያ ዕድሜ ኤዋንሲውን (የሦስት ወር ገደማ አማካይ ስኳር የሚያሳየውን የደም ምርመራ) 7 ለማድረስ መታገል ጉዳቱ ያመዝናል። ዶዙን ቀነስን፣ ግባችንን ወደ 8 ከፍ አደረግን፤ ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ይወጋሉ።

ስለ መንገዱ ባጭሩ። ፋርም ዲ፣ ማለትም የፋርማሲ ዶክትሬቱ፣ አራት ዓመት ነው፣ ከሱ በፊት ቢያንስ ሁለት ዓመት ኮሌጅ አለ፣ ከዚያ የፈቃድ ፈተናው። ክሊኒክ መግባት ከፈለጋችሁ ሬዚደንሲ፣ ከምረቃ በኋላ ያለውን የሥራ ላይ ሥልጠና፣ አትዝለሉ፤ አንድ ዓመት፣ ቢቻል ሁለተኛውንም በተመላላሽ ሕክምና። ከውጭ አገር የተማራችሁ የትምህርት ማመሳከሪያ ፈተናና የእንግሊዝኛ ፈተና አለባችሁ፣ ቪኤ ደግሞ በአብዛኛው ዜግነት ይጠይቃል። አንዱ ስቴት የሰጣችሁ ፈቃድ በየትኛውም ስቴት ባለ ቪኤ ይሠራል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ስትማሩ ብዙም የማይነግሯችሁ። ኢራቅ የነበረ አንድ የአርባ ምናምን ዓመት ሰው የምከታተለው ለግፊቱ ነበር። በስልክ ነው የምንገናኘው። አንድ ሐሙስ «የሦስት ወሩን ልላክልህ?» አልኩት። «ተወው፣ አያስፈልገኝም» አለኝ። ድምፁ ረጋ ያለ ነበር። መድኃኒቱን ሰልችቶት ነው ብዬ ልጽፍ ጣቴ ኪቦርድ ላይ ነበር። ግን የሦስት ወር አያስፈልገኝም ማለት ምን ማለት ነው? በቀጥታ ጠየቅኩት፤ «ራስህን ለማጥፋት እያሰብክ ነው?» አልኩት። መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣም፣ ይህ ተጠንቶ የታወቀ ነው። ዝም አለ። ከዚያ «አዎ» አለኝ። መሣሪያ ቤት እንዳለ ጠየቅኩት፤ አለ። ስልኩን አልዘጋሁም። ለባልደረባዬ በወረቀት ጽፌ አሳየሁ፣ የአእምሮ ጤና ክፍሉን መስመር ላይ አስገባን። እስኪመጡለት ድረስ አርባ ደቂቃ ስለ ውሻው አወራን። ራስን ለማጥፋት ለሚያስቡ የቀድሞ ወታደሮች የሚደወልበትን ቁጥር በቃላችሁ ያዙት፤ 988፣ ከዚያ 1፤ ሌትም ቀንም ያነሳሉ።

ከአምስት ወር በኋላ ድምፅ መልእክት ትቶልኝ አገኘሁ። «የግፊት ክኒኔ ሊያልቅ ነው፣ የሦስት ወሩን ላክልኝ» ይላል። ከኋላ ውሻው ይጮሃል።