የልብ ድካም ሕሙማንና የኤሌክትሮኒክ የትእዛዝ ጥቅል፦ ጥያቄና መልስ

መሃል አዲስ አበባ በሚገኝ የመንግሥት ሆስፒታል በውስጥ ደዌ ስፔሻሊስትነት እሠራለሁ። ብዙ ሆስፒታሎች ከካርድ ወደ ኮምፒውተር እየተሸጋገሩ ስለሆነ፣ ለልብ ድካም ሕሙማን ስለሚዘጋጀው የትእዛዝ ጥቅል (ለሕመሙ የሚያስፈልጉ መድኃኒቶች፣ ምርመራዎችና ክትትሎች ቀድመው ተዘርዝረው ለሐኪሙ የሚቀርቡበት የማዘዣ ገጽ) ከባልደረቦች ለቀረቡልኝ ጥያቄዎች እንደሚከተለው መልሻለሁ።

ጥያቄ (ከአንድ ኢንተርን)፦ ዶክተር፣ ጥቅሉ እኛ ካርድ ላይ ከምንጽፈው ኦርደር በምን ይለያል?

መልስ፦ የሌሊት ተረኛ ሐኪም በድካም ላይ ሆኖ በእጁ ሲጽፍ ትዝ ያለውን ብቻ ያዝዛል። ጥቅሉ ግን ለመጀመሪያው ቀን የሚያስፈልገውን፣ ማለትም በደም ሥር የሚሰጠውን ፉሮሴማይድ (ላሲክስ የሚባለው፣ ውኃን በሽንት የሚያስወጣ መድኃኒት)፣ የጠዋት ክብደትን፣ የሽንት ልኬትን፣ የፖታስየምና የክሬአቲኒን (የኩላሊት አሠራር መለኪያ) ምርመራን እንዲሁም የደም መርጋት መከላከያን በአንድ ገጽ ስለሚያቀርብለት፣ የሐኪሙ ሥራ ለዚያ ሕመምተኛ የማይስማማውን መሰረዝ ይሆናል። ቤቱ ሳለ በቀን 40 ሚሊግራም ላሲክስ ይውጥ የነበረ ሰው በደም ሥር ቢያንስ ያንኑ ያህል እንዲያገኝ፣ በመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓታትም ሽንቱ በሰዓት ከ100 ሚሊ ሊትር ካነሰ መጠኑ በእጥፍ እንዲያድግ ገጹ ያሳስባል። ይህ የሚጠቅመው ግን ሽንቱ በትክክል ሲለካ ነው። አስታማሚው በሃይላንድ ጠርሙስ ያጠራቀመውን በዓይን ገምቶ መመዝገብ ልኬት ስላልሆነ፣ ከኮምፒውተሩ በፊት መለኪያና የማይዋሽ ሚዛን ቢገዛ እመርጣለሁ።

ጥያቄ (ከአንድ የሆስፒታል አስተዳዳሪ)፦ ሞትን ይቀንሳል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ በቴክሳስ የቤይለር ሆስፒታሎች ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ሥራ፣ ጥቅሉን በተጠቀሙ ሐኪሞች የታከሙ ሕሙማን ሆስፒታል ውስጥ የሞቱት ያነሱ መሆናቸውን ያሳያል፤ በ30 ቀን ውስጥ ተመልሶ በመተኛት ረገድ የታየው ልዩነት ግን ያን ያህል አሳማኝ አልነበረም። ጥቅሉን የሚመርጥ ሐኪም ቀድሞውንም ጠንቃቃ ሊሆን ስለሚችል፣ ውጤቱን በሙሉ ለጥቅሉ መስጠት አይገባም።

እርስዎ በጀት የሚይዙ በመሆንዎ የፒትስበርጉን ታሪክም ይመልከቱ። እዚያ ባለ የሕፃናት ሆስፒታል የኤሌክትሮኒክ ትእዛዝ ሲጀመር፣ ከሌላ ቦታ ተልከው በሚገቡ ሕፃናት ላይ የታየው ሞት ከ2.80 ወደ 6.57 በመቶ ማደጉ እ.ኤ.አ. በ2005 ተዘገበ። ሕፃኑ ደርሶ ሳይመዘገብ መድኃኒት ማዘዝ አይቻልም ነበር፤ ነርሶችም ከአልጋው ርቀው ኮምፒውተር ላይ ይቆዩ ነበር። ተመሳሳይ ሥርዓት የተከለው የሲያትል የሕፃናት ሆስፒታል ግን የትእዛዝ ጥቅሎችን ቀድሞ በማዘጋጀቱ የሞት ጭማሪ አላየም። ስለዚህ ሶፍትዌሩን ገዝቶ ጥቅሉን ለሚቀጥለው ዓመት ማሳደር አደገኛ ነው።

ጥያቄ (ከአንድ ሬዚደንት)፦ የአሜሪካኖቹን እንዳለ ብንገለብጠውስ?

መልስ፦ አይሆንም። ኢትዮጵያን ጨምሮ በ9 የአፍሪካ አገሮች 1,006 ሕሙማንን የተከታተለው ጥናት እንዳሳየው፣ አማካይ ዕድሜያቸው 52 ዓመት ሲሆን፣ መነሻው የልብ ደም ሥር መጥበብ የሆነባቸው ከ8 በመቶ በታች ነበሩ፤ ደም ግፊትና የሩማቲክ የልብ ሕመም (የጉሮሮ ኢንፌክሽንን ተከትሎ የልብ ቫልቮችን የሚጎዳው) እጅግ ይበልጡ ነበር። ስለዚህ በእኛ ጥቅል ውስጥ የሩማቲክ ሕመሙ እንዳያገረሽ በየ3 እስከ 4 ሳምንቱ የሚወጋው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን፣ ማይትራል የተባለው የልብ ቫልቩ ጠቦ የልብ ምቱ ለተዛባበት ሕመምተኛ የደም መርጋትን የሚከላከለው ዋርፋሪንና ክትትሉ፣ ለወጣት ሴቶች ደግሞ የእርግዝና ምርመራ መኖር አለባቸው፤ ለልብ ድካም የሚሰጠው ኢናላፕሪል ለነፍሰ ጡር አይሰጥምና። ከሁሉ በፊት ዝርዝሩን ከፋርማሲው ጋር ያስተያዩ፤ መደርደሪያ ላይ የሌለ መድኃኒት ስክሪን ላይ ቢታዘዝ አስታማሚውን ፒያሳና መርካቶ ከማንከራተት በቀር ፋይዳ የለውም።

ጥያቄ (ከአንዲት ነርስ)፦ ሕሙማኑ አብጠው የሚመለሱት ለምንድን ነው?

መልስ፦ ሲስተር፣ አብዛኛው ጥቅል የሚያልቀው ሕመምተኛው ሲወጣ ስለሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ስትሮንግ-ኤችኤፍ የተባለ ጥናት፣ ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ መድኃኒታቸው በ2 ሳምንት ውስጥ ወደ ሙሉ መጠን እንዲደርስ በቅርብ ክትትል በተደረገላቸው ዘንድ በ180 ቀን የታየው ሞት ወይም በልብ ድካም ዳግም መተኛት 15.2 በመቶ፣ በተለመደው አሠራር ግን 23.3 በመቶ እንደነበር አሳይቷል። የመውጫው ገጽ የአንድ ሳምንት ቀጠሮን፣ የደም ምርመራንና የመውጫ ክብደትን ሳይሞላ እንዳይዘጋ ይደረግ። ለጉልበት ሕመም ተብሎ የሚወሰደው ዲክሎፌናክ ውኃ እንደሚያጠራቅምም በአማርኛ ተጽፎ ይሰጣቸው።

ጥያቄ፦ መብራት ሲጠፋስ?

መልስ፦ ያው ጥቅል በወረቀት ታትሞ በየነርስ ጣቢያው ይቀመጥ፤ ጥቅሉ በኮምፒውተር ሲሻሻል የወረቀቱም በዚያው ቀን ይቀየር።