የአበባ ሻይ በቤታችን፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ስለ አበባ ሻይ ከላካችሁልኝ ጥያቄዎች አምስቱን እነሆ።

ከርከዴ ሳፈላ ብረት ብረት ይለኛል። ምን አጥፍቼ ነው?

ድስትዎ አሉሚኒየም ሳይሆን አይቀርም። ከርከዴ ኮምጣጣ ስለሆነ ከአሉሚኒየም ጋር አይስማማም። በማይዝግ ብረት፣ በኢናሜል ወይም በመስታወት ዕቃ ይሞክሩት። ደግሞም እሳት ላይ አያቆዩት። ለአንድ ብርጭቆ አንድ የሻይ ማንኪያ ሞላ አድርገው ይጨምሩና የፈላ ውሃ አፍስሰውበት ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ከድነው ያጥልሉት። ስኳር ካሻዎት ትኩስ እያለ ነው የሚሟሟው። ቀዝቃዛ ለሚወድ ሰው ግን ማታ በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፎ ፍሪጅ ውስጥ ማሳደር ይበልጣል፤ ጣዕሙ ይለሰልሳል።

ለልደቴ የተሰጠኝን ጽጌረዳ አድርቄ ሻይ ላድርገው?

እባክዎ አያድርጉት። ለሽያጭ የሚቆረጥ አበባ የሚለማው ለዓይን እንጂ ለአፍ አይደለም፤ ፀረ ተባይ ይረጫል፣ በውሃ ማጠብም ሙሉ በሙሉ አያስለቅቀውም። መድኃኒት ያልነካው ጽጌረዳ ግቢዎ ውስጥ ካለ ግን በደስታ! መጀመሪያ ያሽትቱት፤ ሽታ የሌለው ጽጌረዳ ሻዩም ሽታ አይኖረውም። ጠዋት ጤዛው እንደደረቀ ይልቀሙ። እያንዳንዱን የአበባ ቅጠል ሲነጥሉ ከሥሩ ነጭ ጫፍ ያያሉ፤ እሱ መራራ ስለሆነ በመቀስ ይቁረጡት። ከዚያ ሰፌድ ላይ ሳሳ አድርገው ጥላ ውስጥ ያስጡት፤ ፀሐይ ቀለሙንም መዓዛውንም ይወስድበታል። በጣት ሲነካ የሚፈረፈር ከሆነ ደርቋል፤ ክዳኑ በደንብ በሚገጥም ጠርሙስ ያስቀምጡት።

አበባ የምገዛበት ገንዘብ የለኝም።

ቤትዎ ቅርንፉድ አለ? ቅርንፉድ ሳይፈካ ተለቅሞ የደረቀ የአበባ እምቡጥ ነው። ለአንድ በራድ ሦስት አራት ፍሬ ይበቃል፤ ሲበዛ ምላስ ያደነዝዛል።

እናቴ የደም ግፊት መድኃኒት ትወስዳለች፤ ከርከዴም ትወዳለች። ይጎዳታል?

ከርከዴ ግፊትን በመጠኑ እንደሚቀንስ በጥናቶች ታይቷል። ከመድኃኒቱ ጋር ሲደመር ግፊቷ ከሚገባው በታች ሊወርድ ስለሚችል በየቀኑ የምትጠጣ ከሆነ ለሐኪሟ ትንገር። መድኃኒቷን ትታ በከርከዴ እንዳትተካው ግን አደራ። ነፍሰ ጡሮችም ቢተዉት ይሻላል።

ግቢያችን ውስጥ እንደ ጡሩምባ ቁልቁል የተንጠለጠለ፣ ማታ ማታ የሚያውድ ነጭ አበባ አለ። ይጠጣል?

አይጠጣም! አስተናግር ከሚባለው መርዛማ ተክል ጋር የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው። ማፍላትም ማድረቅም መርዙን አያጠፋውም። አፍ ያደርቃል፣ የዓይን ብሌን ያሰፋል፣ ልብ ያስመታል፣ ያቃዣል፤ ሊገድልም ይችላል። ብዙ ቤት አጥር ላይ የሚተከለው ኦሊያንደርም መርዛማ ነው፤ አይጠጣም። የአበባው መዓዛ ማማሩ አያታልላችሁ፤ ማንነቱን በእርግጠኝነት የማታውቁትን አበባ ብርጭቆ ውስጥ አትጨምሩ። ልጅ ቀምሶ ከተገኘ ምልክት እስኪታይ አትጠብቁ፤ ከአበባውና ከቅጠሉ ቁራጭ ይዛችሁ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ሂዱ።