አዲሱ ዊንዶውስ እጄን አሰረብኝ

ጥያቄ፦ ለአምዱ አዘጋጅ፤ እንደምን ሰነበቱ? በጎንደር ከተማ ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ አንድ የኮምፒውተር ጽሑፍና የፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ በጸሐፊነት ስሠራ ዐሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። ማመልከቻም ሆነ ውል ስጽፍ ዓይኔን ከወረቀቱ ሳላነሣ ነበር። የቤቱ ባለቤት ዊንዶውስ 11 የተጫነበት ኮምፒውተር ከገዙ ወዲህ ግን እጄ የለመደውን ሁሉ አጣ። ስታርት ከግራ ጥግ ተነሥቶ መካከል ገብቷል፤ የአራት ደንበኞችን ጽሑፍ ስከፍት ሁሉም በአንድ የወርድ ምልክት ሥር ይታጨቃሉ፤ ፋይል ወደ ፍላሽ የምልክበት «ሴንድ ቱ»ም ከቦታው የለም። ከሁሉ የባሰው፣ አንድ አባት አምና ያስጻፉትን የቤት ኪራይ ውል ለማሳረም ይዘው መጥተው ስከፍተው ሁለት ገጽ የነበረው ጽሑፍ ወደ ሦስተኛ ገጽ ተሻግሮ የፊርማው መስመር ብቻውን ወርዶ ተገኘ። ባለቤቱ «ትለምጂዋለሽ» ይሉኛል፤ አንድ ባለሙያ ደግሞ «ፎርማት አድርጌ ዊንዶውስ 10 ልጫንልሽ» ብሎኛል። የማንን ልስማ?

ጸሐፊዋ፣ ከጎንደር

መልስ፦ ውድ እኅታችን፣ ቅሬታዎ ተገቢ ነው። ዐሥራ አንድ ዓመት በአንድ አቀማመጥ የሠራ እጅ ዓይንን ሳያማክር ስለሚሄድ፣ አቀማመጡ ሲለወጥ የሥራው ፍጥነት አብሮ ይወድቃል፤ ይህ የችሎታ ማነስ አይደለም። በ2005 ዓ.ም. ዊንዶውስ 8 የስታርትን ምልክት ከታስክባሩ (ከስክሪኑ ግርጌ ካለው የምልክቶች መስመር) አንሥቶ በወጣ ጊዜ የተጠቃሚው ቅሬታ እጅግ ከመበርታቱ የተነሣ፣ በዓመቱ የወጣው 8.1 ምልክቱን መልሶ ይዞት መጥቷል።

ይሁንና ወደ ዊንዶውስ 10 ይመለሱ ብዬ አልመክርዎትም። የዚህ ዊንዶውስ መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ከዚያ ወዲህ አዲስ የደኅንነት ቀዳዳ ሲገኝ የመድፈኛው አፕዴት በነባሪው መንገድ አይመጣለትም። ለግል ሥራ ብቻ ለሚውል ኮምፒውተር አደጋው በመጠኑ ሊያንስ ይችላል። የእርስዎ ኮምፒውተር ግን ከጧት እስከ ማታ ከየት እንደመጣ የማያውቁትን ፍላሽ ሲቀበል የሚውል ነው፤ በአንዱ ፍላሽ የገባ ቫይረስ በሚቀጥለው ደንበኛ ፍላሽ ይወጣል። የሰው ውልና ማመልከቻ በአደራ የሚቀበል ቤት ለዚህ ነገር ከማንም ይልቅ መጠንቀቅ አለበት ብዬ አምናለሁ።

የባለቤቱም «ትለምጂዋለሽ» ብቻውን አይበቃም፤ ከመልመድ በፊት መስተካከል ያለበት አለና። ከውሉ እንጀምር። ያ ጽሑፍ «ኒያላ» በሚባለው ፎንት የተጻፈ ሳይሆን አይቀርም። ኒያላ በ1999 ዓ.ም. ከወጣው ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣ የግዕዝ ፊደል ነው። ከዊንዶውስ 10 ወዲህ ግን ኒያላ በተጨማሪነት የሚጫን ሆኗል። በማይኖርበት ጊዜ ኮምፒውተሩ «ኤብሪማ» የተባለውን ሌላ ፎንት ይተካል፤ የኤብሪማ ፊደል ገዘፍ ያለ ስለሆነ መስመሩ ይረዝማል፣ ገጹም ይገፋል። የአባትየው ፊርማ ወደ ታች የወረደው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ሴቲንግስን ከፍተው በመፈለጊያው ላይ «ኦፕሽናል ፊቸርስ» ብለው ይጻፉ፤ ከሚጨመሩት ዝርዝር ውስጥ «ኢትዮፒክ ሰፕልመንታል ፎንትስ» የሚለውን መርጠው ይጫኑ። ኢንተርኔት ያስፈልገዋል። ተጭኖ ሲያበቃ ውሉን እንደገና ይክፈቱት። ከዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ በጋራ ከሚያውቁት የፊደል አመዳደብ) በፊት በነበሩ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ የቆየ ጽሑፍ ካለዎት ግን ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ሆኖ ሊታይ ይችላል፤ መፍትሔው ያንኑ ፎንት ከአሮጌው ኮምፒውተር አምጥቶ መጫን ነው። ወደፊትም ተጽፎ ያለቀውን ሰነድ ለደንበኛው ከወርድ ፋይሉ ጋር በፒዲኤፍም ቢሰጡት፣ የትም ወስዶ ቢያሳትመው ገጹ አይናጋበትም።

የታስክባሩ ጉዳይ ቀላል ነው። በባዶው ቦታ ላይ ራይት ክሊክ አድርገው «ታስክባር ሴቲንግስ» ይግቡ፤ «ታስክባር ቢሄቪየርስ» በሚለው ሥር «አላይንመንት» የሚለውን ወደ «ሌፍት» ሲለውጡት ስታርት ወደ ግራ ጥጉ ይመለሳል። እዚያው ዝቅ ብሎ ታስክባሩ ላይ ያሉትን ስለማጣመር የሚጠይቀውን «ኔቨር» ቢያደርጉት የአራቱ ደንበኞች ጽሑፍ እያንዳንዱ ከነስሙ ለየብቻው ይሰለፋል። ይህ አማራጭ ዊንዶውስ 11 በ2014 ዓ.ም. ሲወጣ አልነበረም፤ ከብዙ ጥያቄ በኋላ የተመለሰ ነው።

«ሴንድ ቱ» አልጠፋም፤ «ሾው ሞር ኦፕሽንስ» ከሚለው ጀርባ ገብቷል። ሺፍትን ተጭነው ይዘው ራይት ክሊክ ቢያደርጉ የድሮው ዝርዝር እንዳለ ይወጣልዎታል። ይህን ለጥቂት ቀናት ሆን ብለው ቢደጋግሙት ጣትዎ ራሱ ይወስደዋል።

በቤቱ ውስጥ ዊንዶውስ 10 ያለው አሮጌ ኮምፒውተር ካለ አይጣል። ቲፒኤም 2.0 የተባለው የደኅንነት ክፍልና ዊንዶውስ 11 የሚቀበለው ፕሮሰሰር ከሌለው በግድ አይጫንበት፤ ከኢንተርኔት ተነጥሎ፣ የውጭ ፍላሽ ሳይገባበት፣ ለስካንና ለማተም ብቻ ቢያገለግል ይሻላል።