የ2024 ኦስካር ለማን? ጥያቄያችሁና የእኔ ግምት

እሁድ ማርች 10፣ 2024 ሎስ አንጀለስ፣ ዶልቢ ቴአትር ውስጥ 96ኛው የኦስካር ሽልማት ይሰጣል። ሽልማቱን የሚሰጠው የፊልም አካዳሚ አባላት ድምፅ ሰጥተው የጨረሱት ፌብሩዋሪ 27 ነው። ውጤቱ ታሽጓል፤ የቀረው ፖስታውን መክፈት ብቻ ነው። የላካችኋቸውን ጥያቄዎች አንድ በአንድ ልመልስ። አደራ፣ የምነግራችሁ ያሸንፋል ያልኩትን ነው፤ እንዲያሸንፍ የምመኘውን አይደለም። ሁለቱ የሚለያዩበት ቦታ ስንደርስ እናገራለሁ።

ምርጥ ፊልም ያለቀለት ነገር ነው አይደል? ኦፐንሃይመር በቃ?

አዎ፣ ኦፐንሃይመር። በ13 ዘርፎች ታጭቷል፤ ይህን ያህል ያገኘ ሌላ የለም። የፕሮዲዩሰሮቹም፣ የዳይሬክተሮቹም፣ የተዋንያኑም ማኅበር ዋና ሽልማቱን ሰጥቶታል። ማኅበራቱን አጥብቄ የምከታተለው በምክንያት ነው። ጋዜጠኞችና ተቺዎች ኦስካር ላይ ድምፅ የላቸውም። ከማኅበራቱ አባላት ግን ብዙዎቹ የአካዳሚውም አባላት ናቸው።

ቆይ፣ 2020 ላይ 1917 የተባለውም ፊልም እንዲሁ ተብሎለት አልነበረም? ፓራሳይት መጥቶ ወሰደበት እኮ!

ይህን ስለጠየቅክ ደስ ብሎኛል። እኔም በየዓመቱ የማስታውሰው እሱን ነው። 1917 የፕሮዲዩሰሮቹንም የዳይሬክተሮቹንም ማኅበር ሽልማት ይዞ ነው የገባው። የእንግሊዞቹ ሽልማት ባፍታና ጎልደን ግሎብም ነበሩት። አንድ ነገር ግን ጎድሎት ነበር፦ የተዋንያኑ ፍቅር። ከፊልሙ ተዋንያን አንድም ሰው ለኦስካር አልታጨም። የተዋንያኑ ማኅበር የዓመቱን ትልቅ ሽልማት የሰጠው ለፓራሳይት ነው። አካዳሚው ውስጥ ደግሞ ከሁሉም የሚበዙት ተዋንያን ናቸው።

ሌላው የድምፅ አቆጣጠሩ ነው። በሌሎቹ ዘርፎች መራጩ አንድ ይመርጣል፣ ብዙ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል። ምርጥ ፊልም ላይ ግን አሥሩን ዕጩዎች በደረጃ ያስቀምጣል። ከግማሽ በላይ ሰው አንደኛ ያደረገው ፊልም ከሌለ፣ ትንሽ ድምፅ ያገኘው ይወጣል። የእሱ ድምፅ ወደ መራጮቹ ሁለተኛ ምርጫ ይዞራል። አንዱ ከግማሽ እስኪያልፍ እንዲህ እየተባለ ይቀጥላል። ስለዚህ ግማሹ ሰው የሚሞትለት፣ ግማሹ ደግሞ የሚጠላው ፊልም እዚህ ላይ ይቸገራል። ሁሉም ሁለተኛና ሦስተኛ የሚያደርገው ፊልም ይጠቀማል። 2017 ላይ ላ ላ ላንድ 14 ዕጩነት ይዞ በሙንላይት ሲሸነፍ ብዙዎቻችን ያሰብነው ይህንኑ ነበር።

ዘንድሮ ግን ክፍተቱ አይታየኝም። ኦፐንሃይመር ተዋንያኑም አሉት። ሦስቱ ታጭተዋል።

ዳይሬክተርስ?

የኦፐንሃይመሩ ክሪስቶፈር ኖላን። ከዚህ በፊት በዚህ ዘርፍ አንዴ ታጭቶ አላገኘም። አሁን ያገኛል።

በምርጥ ሴት ተዋናይ ኤማ ስቶን ወይስ ሊሊ ግላድስቶን? እባክሽ ቁርጡን ንገሪኝ፤ ቤት ውስጥ ተጣልተናል።

እኔም ከራሴ ጋር ስከራከር ነው የሰነበትኩት። ልቤ ሊሊ ጋር ነው። የማርቲን ስኮርሴዚ ፊልም፣ ኪለርስ ኦፍ ዘ ፍላወር ሙን ላይ ብዙ አትናገርም። ዝም ብላ ባሏን የምታይበት አስተያየት ግን የፊልሙን ግማሽ ይሸከማል። በዚህ ዘርፍ ስትታጭ ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች የመጀመሪያዋ ናት። ጎልደን ግሎብን በድራማ ወስዳለች። የተዋንያኑን ማኅበር ሽልማት የወሰደችው ደግሞ ፌብሩዋሪ 24 ነው፤ ያኔ የኦስካር ድምፅ ገና እየተሰጠ ነበር። ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ግን እጄ የጻፈው ኤማ ስቶንን ነው። ፊልሟ ፑር ቲንግስ 11 ዕጩነት አለው፤ ከኦፐንሃይመር ቀጥሎ ማለት ነው። እንግሊዞቹ፣ ማለትም ባፍታ፣ ሽልማቱን ለኤማ ሲሰጡ ሊሊን ዕጩ እንኳ አላደረጓትም። አካዳሚው ባለፉት ዓመታት ከአሜሪካ ውጪ ብዙ አባላት ጨምሯል። እነሱ ወዴት እንደሚያዘነብሉ ፍንጭ የሚሰጠኝ ባፍታ ነው። የኤማ ሚና ደግሞ ዓይን የሚስብ ነው፤ አካሄዷና አነጋገሯ ከትዕይንት ትዕይንት ሲቀየር ይታያል። አንድ የሚጎትታት ነገር አለ፦ 2017 ላይ ኦስካር አግኝታለች። ያም ሆኖ በአንድ ፀጉር ትቀድማለች ባይ ነኝ። ሊሊ ብታሸንፍ ግን ከሁሉም ቀድሜ የማጨበጭበው እኔ ነኝ።

ወንዶቹንና ረዳቶቹን በአጭሩ።

ዋና ወንድ ተዋናይ ኪሊያን መርፊ ነው። ፖል ጂያማቲ የተቺዎቹን ሽልማት ይዟል፤ መርፊ ግን ባፍታንም የተዋንያኑን ማኅበርም ይዟል። ረዳት ተዋናይ ሮበርት ዳውኒ ጁኒየር ነው። በሴት ረዳት ዳቫይን ጆይ ራንዶልፍ። እሷ ዋና ዋናዎቹን ሽልማቶች አንድም ሳይቀር ሰብስባለች፤ እዚህ ላይ ጊዜያችሁን አታባክኑ።

ባርቢ ላይ ግፍ አልተሠራም? ግሬታ ገርዊግ ዳይሬክተር ላይ የለችም!

ቅሬታሽ ይገባኛል። ዕጩ ዳይሬክተሮችን የሚመርጡት የዘርፉ ሰዎች ብቻ ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ኮሜዲን ብዙም አይደፍሩም። ከአምስቱ አንዷ ሴት የአናቶሚ ኦፍ ኤ ፎል ዳይሬክተር ጀስቲን ትሪዬ ናት። ግን ግሬታ ሙሉ በሙሉ አልተረሳችም፤ በፊልም ጽሑፍ ታጭታለች። ባርቢን የተጫወተችው ማርጎ ሮቢም በፕሮዲዩሰርነት አለች። ባርቢ በ8 ዘርፎች ነው የታጨው። የሚያገኘው ግን ዘፈኑ ላይ ይመስለኛል፦ ቢሊ አይሊሽ። ከሌላ ሥራ የተወሰደ ጽሑፍ ላይ አሜሪካን ፊክሽን ይቀድመዋል።

አናቶሚ ኦፍ ኤ ፎል በውጭ ቋንቋ ፊልም ዘርፍ ለምን የለም? የፈረንሳይ ፊልም አይደለም እንዴ?

ነው። ግን በዚያ ዘርፍ አንድ አገር የሚልከው አንድ ፊልም ብቻ ነው፤ ፈረንሳይ ደግሞ ሌላ ላከች። ሲቆጨኝ ይኖራል! መራጮቹ ሊክሱት የሚችሉት በኦሪጅናል ጽሑፍ ነው። እዚያ ላይ ጀስቲን ትሪዬና አርተር ሃራሪ ይወስዳሉ። የውጭ ፊልሙ ሽልማት ለዞን ኦፍ ኢንተረስት ነው።

አኒሜሽን?

የጃፓናዊውን ሚያዛኪ ፊልም፣ ዘ ቦይ ኤንድ ዘ ሄሮንን እወዳለሁ፤ ጎልደን ግሎብና ባፍታም የእሱ ናቸው። ሸረሪቱ ሰው (ስፓይደርማን) ግን የፕሮዲዩሰሮቹንም የአኒሜሽን ባለሙያዎቹንም ሽልማት ወስዷል። ሸረሪቱን ጽፌያለሁ፤ እርግጠኛ ግን አይደለሁም።

ማንም የማይጠብቀው፣ አንቺ ግን የምትደፍሪበት ግምት አለሽ?

አለኝ። የፊልም ድምፅ ቅንብር ዘርፍ። ብዙ ሰው ኦፐንሃይመር ይላል፤ ምክንያትም አለው። የአቶሚክ ቦምቡ ፍንዳታ መጀመሪያ በብርሃን ብቻ የሚታይበትና ድምፁ ዘግይቶ የሚደርስበት ቦታ አለ። ሲኒማ ውስጥ ወንበሬን ይዤ ነው የጠበቅኩት።

እኔ ግን ዞን ኦፍ ኢንተረስት እላለሁ። ፊልሙ የኦሽዊትዝ ካምፕ አዛዥ ከነቤተሰቡ የሚኖርበትን ቤት ያሳያል። አትክልት ይኮተኮታል፣ ልጆች ይዋኛሉ። ከአጥሩ ማዶ የሚሠራውን ግፍ ካሜራው አያሳየንም። ጆሯችን ግን ይሰማል። ሩቅ ተኩስ፣ ጩኸት፣ የማያቋርጥ የምድጃ ጉምጉምታ። ቤተሰቡ ለምዶታል፤ እኛ አንለምደውም። ድምፁ ቢወጣ ፊልሙ ስለ አንድ ሰላማዊ ቤት ይሆን ነበር። ባፍታ በድምፅ የሸለመው ይህንን ነው። ገና ያላያችሁት ካላችሁ እስከ እሁድ ጊዜ አለ። መብራቱን አጥፉና በጥሩ ማዳመጫ እዩት።