ለትንንሽ ልጆች የእውቀት መጽሐፍ ስንገዛ፦ የእትዬ ጥያቄና መልስ

በልጆች ቤተ መጻሕፍት ሠርተው ጡረታ የወጡት እትዬ ዛሬ ማታ ጥያቄ ይቀበላሉ። ርዕሳችን ከ3 እስከ 8 ዓመት ላሉ ልጆች የሚሆኑ መጻሕፍት ነው። ተረት ሳይሆን ስለ እንስሳት፣ ስለ ሰውነት፣ ስለ ሰማይ፣ ስለ አገር የሚያስተምሩት።

የናቲ አባት፦ እትዬ እንደምን አመሹ። ለ5 ዓመት ልጅ ጥሩ መጽሐፍ ይንገሩኝ።

እትዬ፦ እግዚአብሔር ይመስገን። ልጁ ምን ይወዳል? መኪና? ጉንዳን? ዝናብ? ይህን ሳትነግረኝ ምን ልበልህ? ጠይቀኸው ተመለስ።

የኪያ እናት፦ አራት ኪሎ አንድ ትልቅ የልጆች ኢንሳይክሎፒዲያ አየሁ። ወደ አማርኛ የተተረጎመ፣ ባለ ቀለም፣ ወፍራም ነው። ዋጋው ግን ይከብዳል። ልግዛው?

እትዬ፦ እሰይ፣ ጥያቄ ማለት እንዲህ ነው። ሽፋኑን አትመኚው። በፕላስቲክ ከታሸገ ሻጩ እንዲከፍትልሽ ጠይቂው። እምቢ ካለ ሌላ ሻጭ አለ። ከፍተሽ ሳታዪ አትግዢ።

እኔ መጀመሪያ የማየው የሰማዩን ገጽ ነው። ፕላኔቶች 9 ናቸው ካለ መጽሐፉ አርጅቷል። ፕሉቶ ከፕላኔቶች ዝርዝር የወጣው ነሐሴ 1998 ዓ.ም. ነው። ቀጥሎ የአፍሪካን ካርታ እዪ። ደቡብ ሱዳን ነጻ የወጣችው ሐምሌ 2003 ላይ ነው፤ ሱዳን አሁንም አንድ ሆና ከተሳለች ካርታው ከዚያ በፊት የተሠራ ነው። ከዚያ ሰውነት የሚለውን ክፈቺ። የምላስ ሥዕል አለ? ጫፉ ጣፋጭ፣ ጎኑ ጎምዛዛ፣ ኋላው መራራ ይቀምሳል ብሎ ምላስን እንደ ርስት ከከፋፈለው ስህተት ነው። ሁሉም የምላስ ክፍል ሁሉንም ጣዕም ይለያል። ካላመንሽ ስኳር ከምላስሽ ኋላ አድርገሽ ቅመሺ። የአገራችንም ገጽ ካለ ራስ ዳሸንን ፈልጊ። የድሮዎቹ 4,620 ሜትር ይላሉ፤ አሁን የሚሠራበት 4,550 ነው።

አንድ ስህተት ብታገኚ አትደንግጪ። ሦስት ካገኘሽ ግን መልሰሽ አስቀምጪው። እነዚህ ገጾች ከሌሉ በደንብ የምታውቂውን ርዕስ ክፈቺ። ነርስ ከሆንሽ ስለ ልብ፣ ገበሬ ቤት ካደግሽ ስለ ከብት። መጽሐፉ በምታውቂው ላይ ከዋሸ በማታውቂው ላይ አትመኚው።

ሌላም አለ። የታተመበትን ዓመት ስታዪ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ለዪ። በእኛና በፈረንጅ መካከል 7 ወይም 8 ዓመት ይጠፋል። «ሁለተኛ ዕትም» የሚለውም ብዙ ጊዜ አዲስ ሽፋን ማለት ነው፤ ውስጡ ያው ነው።

ሳሚ ጀሞ፦ እትዬ በእውነት ፕሉቶ ለ5 ዓመት ልጅ ምን ይሠራለታል? እኛም 9 ብለን ተምረን ምንም አልሆንንም።

ሄለን፦ ሳሚ፣ ጉዳዩ ፕሉቶ አይደለም። አሳታሚው ሳያጣራ እንደሚያትም ምልክት ነው እያሉ ነው።

ሳሚ ጀሞ፦ በእኛ ጊዜ አንድ የፊደል ገበታ ነበረች፤ በሷ አንብበን ሰው ሆነናል። የዛሬ ልጅ 20 መጽሐፍ ተገዝቶለት «ሀ»ን አይለይም።

ሄለን፦ በኩርኩምና በአርጩሜ መማርም ትምህርት ሆኖ!

ሳሚ ጀሞ፦ ማን አርጩሜ አለ? እኔ ገበታ ነው ያልኩት።

እትዬ፦ ወሬው ከመንገድ ወጣ። ሳሚ፣ ገበታው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፣ አልተቃወምኩም። መጽሐፍ ስትገዛ ግን የፊደሉን መጠን እይ። «ሉ»ንና «ሊ»ን የምትለያቸው አንዲት ጭረት ናት፤ ለአንዱ ወገቡ ላይ፣ ለሌላው እግሩ ላይ። በደቃቅ ፊደል ከታተመ ልጁ ጭረቷን አያያትም። አንተ ደግሞ ሰነፍ ነው ትላለህ።

ቤዛ፦ እትዬ ፒዲኤፍ ይኖርዎታል?

እትዬ፦ የምን ፒዲኤፍ?

ቤዛ፦ የልጆች።

እትዬ፦ ደራሲ ደክሞ የጻፈውን ፎቶ አንስቼ አልልክም። ቀጣይ።

የናቲ አባት፦ ተመለስኩ። እንስሳት ይወዳል።

እትዬ፦ አሁን ተግባባን! እንስሳት ላይ ብዙ እናገራለሁ፣ ታገሱኝ።

የእኛ ልጅ ፔንግዊን ያውቃል፣ ካንጋሮ ያውቃል። ጭላዳን ግን አያውቃትም፤ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ውጭ ግን በዱር የለችም። ሰሜን ተራሮች ላይ ቁጭ ብላ ቀኑን ሙሉ ሣር ትግጣለች። እንደሷ በሣር የሚኖር ሌላ የዝንጀሮ ዘመድ የለም። ደረቷ ላይ ፀጉር የሌለው ቀይ ቦታ አላት። ሥዕሉ ላይ ያ ቀይ ቦታ ከሌለ ሠዓሊው ሌላ ዝንጀሮ አይቶ ነው የሳለው። ቀይ ቀበሮም አለ። ብዙው የሚኖረው ባሌ ተራሮች ላይ ነው፤ አይጥና ፍልፈል እያደነ ይበላል። በግ አንሥቶ የሚሮጥ አድርጎ የሚስለውን መጽሐፍ እኔ አልገዛም።

መጠንም ተመልከት። ዝሆንና ጥንቸል በአንድ ገጽ እኩል ከተሳሉ ልጁ እኩል ይመስሉታል። ጥሩ መጽሐፍ አጠገባቸው ሰው ያቆማል። ለ5 ዓመት ልጅ በአንድ ገጽ አንድ እንስሳ፣ ሁለት ሦስት አጭር ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ፎቶ ያለው ከሆነ ደግሞ ይሻላል፤ ብዙው ርካሽ ሥዕል ከሌላ ሥዕል ላይ የተገለበጠ ነው። ከፍተህ እይ እንጂ በሽፋኑ አትግዛ።

ዮናስ፦ አንዳንዱ መጽሐፍ ስለ ድንቅነሽ ይጽፋል። ለሕፃን እንዲህ ያለ ነገር ማስተማር ከእምነታችን ጋር አይጋጭም?

ሳሚ ጀሞ፦ በትክክል! እኔም ልጠይቅ ነበር።

ሄለን፦ አጥንቷ ሙዚየም ውስጥ እያለ ምኑ ነው የሚጋጨው?

ዮናስ፦ አጥንቱን አልካድኩም። ትርጓሜውን ነው።

እትዬ፦ በዚህ አልገባም። ኅዳር 1967 ዓ.ም. አፋር፣ ሐዳር ላይ ተገኘች፤ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይገመታል። መጽሐፉ ይህን በትክክል ከጻፈ የኔ ሥራ አበቃ። የቀረውን በየቤታችሁ ተነጋገሩ። ልጆቹን ሙዚየም ከወሰዳችኋቸው ግን ለእይታ የተቀመጠው ቅጂ መሆኑን ንገሯቸው፤ ይጠይቃሉ።

አዲስ ገቢ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለ4 ዓመት ልጅ ምን አይነት መጽሐፍ ልግዛ?

እትዬ፦ ከላይ አንብብ። ስለ ናቲ የተጻፈውን።

ሳራ ከሲልቨር ስፕሪንግ (አሜሪካ)፦ እትዬ፣ ልጄ 6 ዓመቷ ነው። አማርኛ ትሰማለች፣ የምትመልሰው ግን በእንግሊዝኛ ነው። የአማርኛ የሳይንስ መጽሐፍ ብገዛላት ይጠቅማታል?

እትዬ፦ እህቴ፣ ከባድ የሳይንስ ትርጉም አትግዢላት። «ፎቶሲንተሲስ»ን በአማርኛ ፊደል ከማንበብ «ሥር»ን፣ «ቅጠል»ን፣ «ግንድ»ን ብታውቅ ይሻላታል። ትምህርት ቤት የተማረችውን ርዕስ ምረጪ። አሳቡን ስለምታውቀው ቃሉ ብቻ ይሆናል አዲሱ። ከሰፈራችሁ ቤተ መጻሕፍት ስለ ንብ የተጻፈ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ በነጻ ተዋሺ። ሥዕሉን እያሳየሽ በአማርኛ አውሪላት። ቀፎ፣ ሰም፣ ማር፣ አውራ ንብ እያልሽ። እዚያ አገር ቤተ መጻሕፍት «ይህን መጽሐፍ ግዙልን» የሚል ጥያቄም ይቀበላሉ፤ የአማርኛ ይጠየቁ እንጂ።

በነጻ ከፈለግሽ የደቡብ አፍሪካው አፍሪካን ስቶሪቡክና የሕንዱ ስቶሪዊቨር ድረ ገጾች ላይ የአማርኛ መጻሕፍት አሉ። ማውረድም ማተምም የተፈቀደ ነው። ሁለተኛው ላይ ስለ ተፈጥሮና ስለ ሳይንስ የተጻፉም ታገኛለሽ። ትርጉሙ ግን እኩል አይደለም፤ አንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ያነክሳል። ለልጅሽ ከማንበብሽ በፊት አንቺ አንብቢው።

ቤዛ፦ እንግዲህ ፒዲኤፍ አለ ማለት ነው 😂

እትዬ፦ ባለቤቱ የፈቀደው አለ። ቤዛ፣ አንቺን ዛሬ አልቻልኩሽም።

አዲስ ገቢ፦ አነበብኩ። ግን በጥቅሉ የትኛው ይሻላል?

እትዬ፦ በጥቅሉ የሚባል ልጅ አላሳደግኩም። የሚወደውን ይዘህ ና።

ፋሲካ፦ ሠራተኛዬ ማንበብ አትችልም፤ ቀን ከልጁ ጋር የምትውለው ግን እሷ ናት። ምን ላድርግ?

እትዬ፦ ጽሑፍ የሌለው፣ ሥዕሉ ብቻ የሚናገር መጽሐፍ ስጫት። የገበያ ሥዕል፣ የእርሻ ሥዕል፣ የወጥ ቤት ሥዕል። ገጠር ካደገች ስለ ጥማድ በሬና ስለ አውድማ ካንቺ የተሻለ ታስረዳዋለች። እሷ ያወራችውን ማታ ልጁን ጠይቂው።

የኪያ እናት፦ የመጨረሻ ጥያቄ። ኪያ ገጹን ሁሉ ትገነጥላለች። 3 ዓመቷ ነው።

እትዬ፦ ወፍራም ካርቶን ገጽ ያለው ግዢላት። ወረቀት ከሆነ ጀርባውን እዪ፤ የተሰፋ ይሻላል። በሙጫ ብቻ የተያያዘውን መሃሉን ገልጠሽ በሁለት እጅሽ ዘርጊው። ከተሰነጠቀ አትግዢው፤ ኪያ እጅ ሳምንት አይቆይም።